የዋተርሉ ውጊያ በጠረጴዛ ላይ

የጥንት ሠረገላን፣ መርከብን ወይም ፈረሰኛን በተወሰነ ልክ አሳንሶ መሥራት በብዙ አገር የትርፍ ጊዜ መደሰቻ ሆኗል። ለተመልካች የልጆች ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በብዕር የሚጽፍ ሰው ያላወቀውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሸፍኖ ሊያልፍ ሲችል፣ አምሳል ሠሪው እያንዳንዱን ወታደር አንድ ስፍራ ላይ ማቆም ግድ ይሆንበታል። ይህ ግዴታ የሚያስከፍለውን ዋጋ የእንግሊዛዊው መኮንን የዊልያም ሳይቦርን ታሪክ ያስረዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ናፖሊዎን በ1815 በቤልጅግ አገር በዋተርሉ ለመጨረሻ ጊዜ ድል ከሆነ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሎርድ ሂል የውጊያውን አምሳል እንዲሠራ ሳይቦርንን አዘዙት። ሳይቦርን በውጊያው አልነበረም። ስለዚህ ወደ ስፍራው ሄዶ፣ ላ ኤ ሴንት በሚባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ያህል ተቀምጦ ኮረብታውንና ሸለቆውን ለካ። በሕይወት ላሉት መኮንኖችም ደብዳቤ እየላከ፣ በዚያን ዕለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ክፍላቸው የት እንደ ነበረ፣ ጠላት በምን ዐይነት ሰልፍ እንደ ቆመ፣ በማሳው ላይ የነበረውም እህል ምን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የእህሉ ጥያቄ አንባቢን ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው በሚያህል እህል ውስጥ የቆመ እግረኛ ከሩቅ አይታይም። በመቶ የሚቈጠሩ መልሶች መጡለት፤ ብዙዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር።

በ1833 መንግሥት ገንዘቡን አቆመ። ሳይቦርን ግን በራሱ ገንዘብና በብድር ሥራውን ቀጥሎ በ1838 ፈጸመው። አምሳሉ አርባ ካሬ ሜትር ያህል ስፋትና 75,000 ያህል የቆርቆሮ ወታደሮች ነበሩት። የመሬቱ ልክ ለአንድ ማይል ዘጠኝ ጫማ በመሆኑ፣ በዚያው ልክ ቢሠራ ኖሮ አንድ ሰው ከሦስት ሚሊሜትር ባልበለጠ፣ የደንብ ልብሱም ባልተለየ ነበር። ስለዚህ ወታደሮቹን ወደ አንድ ሳንቲሜትር አሳድጎ አንዱ ምስል ስለ ሁለት ሰው እንዲቆም አደረገ። ልኩን ማፍረሱን የሚነቅፉ ቢኖሩም፣ በእኔ አስተያየት ዐይን ሊያየው የማይችል እውነት ለተመልካች አይጠቅምም።

ከባዱ ነገር የፕሩሳውያኑ ቦታ ነበር። ሳይቦርን ከእነርሱም ወገን መረጃ ሰብስቦ፣ በዚያ ሰዓት ከሜዳው ውስጥ በብዛት መግባታቸውን አሳየ። የእንግሊዙ አዛዥ የዌሊንግተኑ መስፍን ግን ሥራውን አልወደዱትም። አምሳል የአንድ አፍታን ድርጊት ብቻ ሊያሳይ ሲገባው፣ ይህ የውጊያውን ሁሉ ድርጊት በአንድነት ያሳያል የሚል ነበር አሳባቸው። ክርክሩ በራሱ ፍሬ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ከሰዓቱ ጥያቄ በስተኋላ ድሉ የማን ነው የሚል ሌላ ጥያቄ ቆሞ ነበር። በመጨረሻም ሳይቦርን ብዙዎቹን የፕሩሳውያን ምስሎች እንዳነሣ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

አምሳሉ ለንደን ላይ በኢጅብሽን አዳራሽ ሲታይ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰው ተመለከተው፤ የሠሪው ዕዳ ግን አልተቃለለም። ሳይቦርን በ1849 ሞተ። የቆርቆሮው ሠራዊት ዛሬ በለንደን፣ በቼልሲ በሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ፣ የመኮንኖቹ ደብዳቤዎች ደግሞ በዚያው ከተማ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።