ኦክሲቶሲን ለኦቲዝም ይሆናል?



ሉማሜም ሆነ ሌላ ቦታ ጤና ጣቢያ የወለዳችሁ እናቶች፣ ልጁ እንደተወለደ ጭናችሁ ላይ የምትወጉት መርፌ ኦክሲቶሲን ይባላል። ማህፀን ተኮማትሮ ደም እንዳይበዛባችሁ ነው። "ለኦቲዝምም ይሆናል አሉ" ለምትሉኝ ወላጆች ታሪኩን ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ የወጣ ፈሳሽ የድመት ማህፀን እንደሚያኮማትር ጻፈ። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955 ኖቤል ተሸለመ።

ከዚያ ተራው የአይጦች ሆነ። በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ጥንድ ሆነው በሚኖሩ የአሜሪካ የሜዳ አይጦች ላይ ሞከሩት፤ ሆርሞኑ ሴቷን ከወንዱ ጋር አቆራኛት። በ2000 ደግሞ ኦክሲቶሲን እንዳያመነጩ የተደረጉ አይጦች ቀድሞ ያገኙትን አይጥ ደጋግመው እንደ እንግዳ ያሸቱት ነበር። ሌላው ትውስታቸው ደህና ነው፤ የጠፋቸው መተዋወቁ ብቻ ነው! የኦቲዝም ተስፋ የበረታው በዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ግን አይጥ ጓደኛዋን ረሳች ማለት ኦቲዝም ያዛት ማለት አይደለም።

በ2021 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ3 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 290 ልጆችን አካተተ። ገሚሱ ኦክሲቶሲን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ለ24 ሳምንት በአፍንጫው ተነፋለት። በመግባባት ረገድ የጎላ ልዩነት አልታየም።

ስለዚህ "የፍቅር ሆርሞን" ተብሎ የሚነፋ መድኃኒት ቢያመጡላችሁ አትግዙ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ኦቲዝም አነሳስቷቸው በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ የያዙት ሥልጠናን ነው። ልጃችሁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል ካላወጣ፣ "ይደርሳል" ሳትሉ ይዛችሁት ኑ።