ከነጋሪት እስከ ቴሌግራም፤ የወሬ መንገድ በጎጃም

ቀድሞ ዐዋጅ በጎጃም ገበያ ነጋሪት እየተጐሰመ ይነገር ነበር። ሰሚው የነጋሪውን ፊት ያያል፤ ማን እንደ ላከውም ያውቃል። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋም የከበሮው ስም ወደ ወረቀት ተሻገረ፤ ነገር ግን ማንበብ ለማይችለው ባላገር ወረቀቱ ድምፅ አልነበረውም።

ለዚህ ምስክሩ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ዐመፅ ነው። መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የጣለበትን ዐዋጅ ብዙው ገበሬ የተረዳው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊነጠቅ እንደ ሆነ አድርጎ ነው። የቈየ ሥጋት ነበረበትና አይፈረድበትም፤ ሆኖም በሕጉ ቃልና በገበያው ወሬ መካከል ቆሞ የሚያስረዳ የታመነ ሰው አልበቃም።

ዛሬ ፌስቡክና ቴሌግራም ከደብረ ማርቆስ የተላከውን በደቂቃ ባሕር ማዶ ያደርሱታል። ባላገሩም ራሱ ነጋሪ ሆኗል፤ ፊቱ ግን አይታይም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ወሬ እንደ ጥንቱ በመንገደኛ አፍ ዞረ፤ ጋዜጠኛው ግን ማመሳከሪያ አጣ።

እንግዲህ ቀድሞ መናገር የጋዜጠኛው ድርሻ መሆኑ ቀርቷል። «ማን አየ? ከማን ሰማህ?» ብሎ መመርመር ግን ዛሬ ይበልጥ የእርሱ ዕዳ ነው።