ዘግይቶ የሚመጣ እሺታ

የመንግሥቱ ለማ ሁለት ኮሜዲዎች፣ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ»፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ላይ ይነሳሉ። ሁለቱም የ1950ዎቹ ሥራዎች ናቸው (በእኛው አቆጣጠር)፤ ሁለቱም ስለ ትዳር ያወሳሉ፤ ሁለቱም «ተምሬአለሁ» ባዩን ይሸነቁጣሉ። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ለእኔ ጎልቶ የሚታየኝ የፈቃድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሴቲቱ ሳትጠየቅ ትዳር ይታሰባል። በሁለተኛው ደግሞ የባላባት ዘር የሆነ ምሁር የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ይነሳል፤ ፈቃድ የሚነፍገው ዘመድ አዝማዱ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምጽፈው ከቦንጋ ነው። ቦንጋ ላይ ሆኖ እነዚህን ሁለት ተውኔቶች ማሰብ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከማሰብ ይለያል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መንግሥቱ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። ቅኔውን ከአገሩ ሊቃውንት፣ ዘመናዊውን ትምህርት ከለንደን ቀስሟል። ስለዚህ ወግን የሚያላግጠው ወግን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ ፈረንጅ ቀመሱን የሚያላግጠውም ራሱ ከዚያው መንደር ስለሆነ ነው። በ«ጠልፎ በኪሴ» ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶች በአባቶች ወግ ልጃገረድ ለመጥለፍ ይሰናዳሉ። ርእሱ ራሱ ቀልድ ነው፤ ጠለፋን ከኪስ ጋር ያጋባል፣ ሙሽራይቱንም ኪስ እንደሚገባ ዕቃ ያደርጋታል። ሳቁ በጠላፊዎቹ ላይ ነው። የአገሬው ባላገር በፈረስ የሚያደርገውን እነሱ በመጽሐፍ ያወቁት ያህል ይንደፋደፋሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠለፋ የጀግንነት ወሬ በነበረበት ዘመን ጠላፊን መሳቂያ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል።

የዘመኑን ሕግ አጠገቡ ብናስቀምጠው ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው፣ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል አድርጎታል። ወዲያው ግን በር ይከፍትለታል፦ የተጠለፈችው ሴት ከጠላፊዋ ጋር በነጻ ፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች፣ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በቀር ክስ አይቀርብም። (ተይዛ የከረመች ልጅ «በነጻ ፈቃዷ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕጉ አላብራራም።) ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል፣ ድግስ ይደገሳል፣ መዝገቡ ይዘጋል። ይህ እንግዲህ የኮሜዲ አጨራረስ ነው። የሕግ አርቃቂውና የቧልት ጸሐፊው ሳይመካከሩ በአንድ መፍቻ ይገናኛሉ፤ በመጀመሪያ ያልተጠየቀው እሺታ ኋላ ይመጣና የቀደመውን ሁሉ ያጥባል።

መፍቻው የእኛ ብቻ አይደለም። በ161 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሮም ላይ የቴሬንስ «ጃንደረባው» የተሰኘው ኮሜዲ ታየ። አንድ ጎረምሳ ጃንደረባ መስሎ ወደ አንዲት ልጃገረድ ክፍል ይገባና ይደፍራታል፤ ልጅቱ የተከበረ ዜጋ ልጅ መሆኗ ሲታወቅ ያገባታል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሥራው እስከዚያ ዘመን ለኮሜዲ ያልተከፈለ ስምንት ሺህ ሴስተርስ አስገኝቷል ይባላል። እኔን የሚገርመኝ የልጅቱ ነገር ነው። በመድረኩ ላይ ታልፋለች፣ አንድም ቃል ግን አትናገርም። የተቀደደ ልብሷንና የተነጨ ጸጉሯን የምንሰማው ከአገልጋይ አፍ ነው። ኮሜዲ እሷን ቢያናግራት ኖሮ ሠርጉ ላይ መድረስ ይቸግረው ነበር።

ወደ ቦንጋ ልመለስ። እዚህ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ሲደራ፣ ዕድሜ የጠገቡ አባወራዎች «እንዴት አድርጌ እንዳመጣኋት» እያሉ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ታሪኩ ዘወትር አስቂኝ ነው። ጓደኛ ይሳሳታል፣ በቅሎ ትደነብራለች፣ ዝናብ ይመጣል፣ የልጅቱ ወንድም በተሳሳተ መንገድ ይሮጣል። ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል። ያቺ የተጠለፈችው ልጅ ያው ዛሬ ረከቦቱ ፊት ተቀምጣ ሲኒ የምታቀርበው እናት ናት። አንዳንዷ ትስቃለች፤ አንዳንዷ ሲኒ ልታለቅልቅ ትነሳለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ታሪኩን ከእሷ አፍ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያ ትረካ ውስጥ በቅሎዋም ዝናቡም አሉ፣ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረበትም። አባወራው ያን ዕለት ቤት አልነበረም።

«ያላቻ ጋብቻ» ደግሞ ካፋ ላይ ሌላ ስም አለው፤ መንጆ። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. ተማርኮ የካፋ መንግሥት እስኪያበቃ ድረስ መንጆዎች አዳኞችና የኬላ ጠባቂዎች ነበሩ። ከሌላው ጋር አብረው አይበሉም፣ አይጋቡም ነበር። መንግሥቱ ሄደ፤ ክልከላው ቀረ፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እንግዲህ ያስተውሉልኝ፦ በኃይል ለተወሰደች ልጅ ሽማግሌ ተሰብስቦ ዕርቅ ያወርዳል። ተዋድደው፣ ተጠያይቀው፣ «እሺ» ተባብለው የመጡ የመንጆና የሌላው ወገን ልጆች ግን ያን ዕርቅ በቀላሉ አያገኙም። በአንዱ የሌለው ፈቃድ እንዳለ ይቆጠራል፤ በሌላው ያለው ፈቃድ እንደሌለ ይሆናል። ከዚህ ወዲያ ጠለፋን «የወጣት ፍቅር ትኩሳት ነው» እያለ የሚከላከል ሰው ቢመጣ፣ ስለ ፍቅር ይህን ያህል ከተጨነቅን መንጆዋን ያፈቀረውን ልጅ ምነው አልሰማነው ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ዝምታውን የሰበረው ኮሜዲ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆኖ ቆመላት፤ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ይህንኑ ታሪክ «ድፍረት» በተሰኘው ፊልም በ2006 ዓ.ም. አቀረበው። ርእሱ ሁለት ትርጉም አለው፤ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። እንደ «ጠልፎ በኪሴ» ርእሱ በቃል ይጫወታል፤ እዚህ ግን የሚስቅ የለም፣ ልጅቱም ትናገራለች።

ሕጉ ከፊልሙ ቀድሟል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ የጠለፈን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድነውም ይላል። አሮጌው የኮሜዲ መፍቻ በዚህ አንቀጽ ተነቀለ። በመድረኩና በስክሪኑ ላይ ግን እንዳለ ነው። ባለፉት ዓመታት ያየኋቸውን የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲዎች ሳስታውስ፣ «እምቢ» ያለችውን ሴት እስከ በሯ፣ እስከ ሥራ ቦታዋ፣ እስከ ቤተሰቧ ተከታትሎ በመጨረሻ የሚያሳምን ጀግና የሌለባቸው ጥቂት ናቸው። ፈረሱ በመኪና ተተካ።

ሕጉም ቢሆን ሁሉን በር አልዘጋም። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ድርጊቱን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይዟል። ጠላፊው ሠርጉ ከመድረሱ በፊት ላደረገው ይጠየቃል፤ ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ግን ሴቲቱን እሺ ብላ እንደሆነ በዚያ አንቀጽ የሚጠይቃት የለም።