ደመወዝና ክሬዲት በተግባር ትምህርት ታሪክ

በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ከመሥሪያ ቤት ገብቶ ሲለማመድ ደመወዝንና ክሬዲትን በአንድነት ሊያገኝ ይገባዋልን? ጥያቄው ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 ኸርማን ሽናይደር በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ 27 የምሕንድስና ተማሪዎችን በክፍልና በፋብሪካ እያፈራረቀ ማሠልጠን ሲጀምር፣ ተማሪዎቹ ለሥራቸው ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር።

የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ግን ሌላ መንገድ ተከተሉ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የዕውቅና ደንብ ክሬዲት ለሚያስገኝ የውጭ ልምምድ ደመወዝ መቀበልን ለብዙ ዓመታት ከለከለ። የክልከላው ደጋፊዎች፣ ከፋይ አሠሪ ጉልበት እንጂ ትምህርት አያስብም ሲሉ ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ፣ ለክሬዲቱ ከኪሱ እየከፈለ በነጻ ሊሠራ የሚችለው ኑሮው የተደላደለ ተማሪ ብቻ መሆኑን አመለከቱ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በማኅበሩ የተወካዮች ጉባኤ ስምምነት ክልከላው ተነሣ። ይሁን እንጂ ደመወዝን የመፍቀዱ ምርጫ ለየትምህርት ቤቱ ተተወ፤ የመምህሩ ክትትልና የሥራ ኃላፊው ቁጥጥርም እንደ ግዴታ ጸኑ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪውን አበል እየከፈለ ለአንድ ዓመት ወደ ሥራ ያሰማራ፣ ዲግሪ ለመቀበልም ግዴታ የነበረ ነው።

እንግዲህ ልምምድን ትምህርት የሚያደርገው የደመወዝ መቅረት ሳይሆን የአስተማሪ መኖር ነው። ተለማማጅ የምንቀበል ባለሙያዎችም ልንጠየቅበት የሚገባን፣ ከከፈልነው ገንዘብ ይልቅ ያስተማርነው ሙያ ነው።