አእምሮን የመለካት ታሪክ፤ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ሥዕል ፈተና

ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ ያቀናል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም የተባሉት ጥንታውያን አድባራት ይገኛሉ። አገሩ በጤፉ የታወቀውን ያህል በቅኔ ጉባኤውም የታወቀ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ጉባኤያት አንዱ ዲማ ነበር።

የሰው አእምሮ በምን ይለካል የሚለውን ጥያቄ የአውሮፓና የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት አንሥተው መከራከር ከመጀመራቸው አስቀድሞ የእነዚህ አድባራት የቅኔ መምህራን በተግባር ሲሠሩበት ኖረዋል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ምሥጢሩን ያስረዳል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ካለ ቦታ ሄዶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶም በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩም አገባቡ የተፋለሰውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን እያነሣ ያርመዋል። ትምህርቱ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይዘልቃል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ተመልሶ ስለማይባል፣ ሸምድዶ ማለፍ የለም። በዚህ አሠራር ፈተናና ትምህርት የተለያዩ አይደሉም፤ መምህሩ የሚመዝነው ተማሪው ከትናንት እርማት በኋላ ዛሬ ምን ያህል እንደተራመደ ነው።

እርግጥ ነው፣ አእምሮ የተፈጥሮ ሀብት ነው፣ ከሌለ የለም የሚለው እምነት በቅኔ ቤትም አልጠፋም። ትምህርቱ የከበደው ተማሪ አብሾ የተባለውን ዕፅ ጠጥቶ ልቡናውን ለማብራት እንደሚሞክር፣ አንዳንዱም በዚሁ ሰበብ ለዕብደት እንደሚዳረግ ሲነገር ኖሯል።

ዘመናዊው የአእምሮ መለኪያ የተወለደው ግን በፓሪስ ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1905 አልፍሬድ ቢኔ ከረዳቱ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር 30 ጥያቄዎች ያሉት ፈተና አዘጋጀ። ዓላማው በመደበኛው ትምህርት ወደኋላ የሚቀሩትን ሕፃናት ለይቶ ልዩ እርዳታ እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ቢኔ አእምሮ የማይለወጥ መጠን አለው የሚሉትን አጥብቆ ተቃውሟል። ነገር ግን በ1911 ሞተ፤ መሣሪያው በሌሎች እጅ ገባ። በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮ ዕድሜን ለልደት ዕድሜ ማካፈልን አመጣ፤ በ1916 አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ውጤቱን በ100 አባዝቶ «አይ ኪው» የተባለውን ቁጥር አስፋፋ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ስፒርማን በበኩሉ በ1904 ከፈተናዎች ሁሉ በስተጀርባ አንድ አጠቃላይ ችሎታ አለ ብሎ ነበር፤ በ1938 ሉዊስ ተርስተን ችሎታዎቹ ሰባት ናቸው ሲል ተከራከረው። ይህ ክርክር ዛሬም አልተቋጨም።

አሜሪካ ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ ከ1.7 ሚሊዮን የሚበልጡ ምልምሎች ተፈተኑ። ማንበብ ለማይችሉት የተዘጋጀው ፈተና መረቡ የጎደለውን የቴኒስ ሜዳ አሳይቶ የጎደለው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ምን ሊመልስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህን ጉድለት ያስቀራል ተብሎ የታመነበት የጆን ሬቨን ፈተና በ1938 ወጣ፤ ቃል የሌለበት፣ ቅርጾችን በሥርዓታቸው አስተያይቶ የጎደለውን መምረጥ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ዳሩ ግን ጄምስ ፍሊን በ1987 እንዳሳየው በዚሁ ዓይነት ፈተና የሆላንድ ምልምል ወታደሮች ውጤት ከ1952 እስከ 1982 በ20 ነጥብ ያህል ከፍ ብሏል። የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ በ30 ዓመት እንዲህ አይለወጥም፤ የተለወጠው ትምህርቱና ኑሮው ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ የምትገባው በአሳዛኝ መንገድ ነው። ሪቻርድ ሊንና ታቱ ቫንሃነን በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያን አማካይ አይ ኪው 63 ብለው መዘገቡ። ቁጥሩ የተወሰደው ወደ እስራኤል ፈልሰው የሬቨንን ፈተና ከተፈተኑ ወጣት ቤተ እስራኤላውያን ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የተፈተነ ሰው የለበትም። ከገጠር ወጥተው ባዕድ አገር የገቡ ልጆች ውጤት የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ልክ ሆኖ ቀረበ። የቀያሽ መሣሪያ ከቦታ ቦታ በተጓጓዘ ቁጥር ልኩ ይፈተሻል፤ እዚህ ግን መሣሪያው አልተፈተሸም፣ ናሙናውም አልተመረጠም፤ ቁጥሩ ብቻ ተጻፈ። በ2010 ዬልተ ዊኸርትስና ባልደረቦቹ ሊን ለአፍሪካ የሰጣቸው አማካዮች በናሙና አመራረጥ ምክንያት እጅግ ዝቅ ያሉ መሆናቸውን በዝርዝር አሳይተዋል።

ከዚህ የበለጠው መልስ የመጣው ግን ከዚያው ከእስራኤል ነው። ሩቨን ፎየርሽታይን ስደተኛ ወጣቶችን ሲመረምር ፈትኖ፣ አስተምሮ፣ እንደገና መፈተንን ሥርዓት አድርጎ ነበር። በዚሁ መንገድ ዴቪድ ጹሪኤልና ሮኒት ካውፍማን የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሆኑ የኢትዮጵያ ስደተኛ ልጆችን በእስራኤል ከተወለዱት ጋር አስተያይተው በ1999 ውጤቱን አወጡ። በመጀመሪያው ፈተና የኢትዮጵያውያኑ ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። ከአጭር ጊዜ ትምህርት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ።

የዲማ መምህር ይህን ቢሰማ የሚደነቅበት ነገር ያለ አይመስልም፤ ቆጠራ፣ ነገራና እርማት ከዚህ የራቁ አይደሉም። የቅኔ ቤቱ መንገድ ግን ዓመታትን ይፈጃል፤ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት መቀመጥ አለባቸው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና «አፕቲቲዩድ» የተባለውን ክፍል የሚወስዱት ተማሪዎች በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ የደጀንና የቢቸና ልጆችም የሚመዘኑት በአንድ ቀን፣ በምርጫ ጥያቄ፣ ያለ እርማት ነው።