አሲቲሊን፦ ከጋራዥ እስከ ፍራፍሬ ገበያ፣ ጥቅሙና ጥንቃቄው



ሐራ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ነው። በአቅራቢያዋ ያለው የሐብሩ ወረዳ ደግሞ በፍራፍሬው ይታወቃል። ብረትና ፍራፍሬ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ጋዝ ግን አለ። እሱም አሲቲሊን ነው። ምንነቱን፣ ጥቅሙንና አደጋውን በአጭሩ እናያለን።

ምንድን ነው?

አሲቲሊን ሁለት ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን ያሉት ቀለም አልባ ጋዝ ነው። ሁለቱ ካርቦኖች በሦስትዮሽ ትስስር ተያይዘዋል። እንዲህ ያለ ትስስር ያላቸው ውህዶች አልካይን ይባላሉ። ትስስሩ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሆኖ ጫፉ ሃይድሮጅን ከያዘ ደግሞ ተርሚናል አልካይን ይሰኛል። አሲቲሊን የዚህ ቤተሰብ ትንሹ አባል ነው።

ጋዙን በ1836 ያገኘው ኤድመንድ ዴቪ ሲሆን፣ ስሙን በ1860 የሰጠው ፈረንሳዊው ቤርተሎ ነው። ዛሬም በቀላሉ የሚገኘው ካርባይድ ከተባለው ድንጋይ መሰል ነገር ነው። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሲቲሊን ይወጣል፤ የሚቀረው ኖራ ነው። ከ1 ኪሎ ካርባይድ ወደ 300 ሊትር ጋዝ ይገኛል።

በብየዳ ሥራ

አሲቲሊን ከኦክስጅን ጋር ሲቀጣጠል ነበልባሉ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ብረት የሚቀልጠው በ1,500 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለመበየድም ለመቁረጥም ተመራጭ ሆኗል። የጋራዥ ወንድሞቻችን ግን የሚከተሉትን ሊይዙ ይገባል፦

1. አሲቲሊን ብቻውን ከታመቀ አየር ባይኖርም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በሲሊንደሩ ውስጥ አሴቶን በያዘ ስፖንጅ መሰል ነገር ሟሙቶ ይቀመጣል። አሴቶኑ እንዳይወጣ ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቆሞ ይሁን። በቱቦ ሲሄድም ግፊቱ ከ1 ባር እንዳይበልጥ።

2. በጫፉ ያለው ሃይድሮጅን በመዳብና በብር በቀላሉ ይተካል። የሚፈጠረው ውህድ ሲደርቅ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ ነው። በመሆኑም ለአሲቲሊን የንጹሕ መዳብ ቱቦ አይሠራም።

3. በአየር ውስጥ 2.5 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ይቀጣጠላል። ጋዝ መውጣቱን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አንፈትሽ።

4. ካርባይድ ባለበት ቦታ እሳት ቢነሳ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ያባብሳል። ደረቅ አሸዋ ይጠቅማል።

ፍራፍሬን ለማብሰል

ሙዝና ማንጎ ሲበስሉ ኢትሊን የተባለ ጋዝ በራሳቸው ያወጣሉ። አሲቲሊን ይህን ጋዝ ስለሚመስል አንዳንድ ነጋዴዎች ካርባይድ ጠቅልለው በጥሬ ፍራፍሬ መካከል ያስቀምጣሉ። ልጣጩ ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጣፍጥ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ለፋብሪካ የሚመረተው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ቅሪት ያለው መሆኑ ነው። ከእነዚህ የሚወጡት ጋዞች መርዛማ ናቸው፤ የካርባይድ የነጭ ሽንኩርት ሽታም ከእነሱ ይመጣል። ሕንድን የመሰሉ አገሮች ይህን አሠራር በሕግ ከልክለዋል።

ጉዳዩ የጤና ብቻ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከላይ ደረቅ መስሎ ውስጡ የራሰ የእህል ክምር አግኝተው ሻጩን እንደገሠጹ በሐዲስ ተዘግቧል። ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ጥሬ የሆነ ፍሬ ከዚያ ክምር በምን ይለያል? ቤት ውስጥ ማብሰል የፈለገ ሰው ጥሬውን ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ይዝጋው፤ ሙዙ የሚያወጣው ኢትሊን ሥራውን ይሠራል።

በመድኃኒትና በምርምር

የተርሚናል አልካይን ጥቅም በጋራዥ አያበቃም። ሌቮኖርጄስትሬልን የመሰሉ የወሊድ መከላከያ መድኃኒቶች በውስጣቸው ይህን ጫፍ ይዘዋል። በሆርሞን ላይ ሲጨመር ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዳያፈርሰው ስለሚያግዝ፣ በአፍ የሚዋጥ ክኒን መሥራት ተችሏል። በ2022 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጣቸው ሻርፕለስ፣ ሜልዳልና ቤርቶዚ ናቸው። ከሥራቸው አንዱ ተርሚናል አልካይንን አዛይድ ከተባለ ውህድ ጋር በመዳብ አማካይነት ፈጥኖ ማያያዝ ነው። በጋራዥ የምንሸሸው የመዳብና የአልካይን ቅርበት፣ በላቦራቶሪ በልክ ሲያዝ መድኃኒት ለመቀመም ይረዳል።

እውቀት ያለው ባለሙያ ራሱንም ደንበኛውንም ይጠብቃል። አላህ ሠራተኞቻችንን ከአደጋ፣ ገበያችንንም ከማታለል ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።