የስታድለር ክላርኔትና የተሰወሩት አራት ድምፆች

ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1791፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የጨረሰው የክላርኔት ኮንቼርቶ ክላርኔት የያዘ ሁሉ የሚመኘው ሥራ ነው። ይሁንና ትውልድ ከትውልድ የተጫወተው ሞዛርት የጻፈውን ሳይሆን በ1801 ገደማ አሳታሚዎች ለተለመደው ክላርኔት አስተካክለው ያወጡትን ነው። ሥራው የተጻፈው ለቪየናው ክላርኔት ተጫዋች አንቶን ስታድለርና ከመሣሪያ ሠሪው ቴዎዶር ሎትስ ጋር ሆኖ ላበጀው ረጅም መሣሪያ ነበር፤ ዛሬ ባሴት ክላርኔት እንለዋለን። የተለመደው ክላርኔት ወደ ታች ሲወርድ በኖታው ላይ ሚ ሲደርስ ያበቃለታል፤ የስታድለር ግን አራት ግማሽ ድምፅ አልፎ እስከ ዶ ይዘልቃል። ተጨማሪዎቹን ቁልፎች የሚጫነው፣ የመሣሪያውን ክብደት የተሸከመው የቀኝ አውራ ጣት ራሱ ነው። በእኔ እምነት ይህ ክላርኔት የተረሳው ጉድለት ስለነበረበት አይደለም። የአንድ ሰው መሣሪያ ሆኖ ስለቀረ እንጂ፤ አሳታሚ ደግሞ ገዢ የሌለው ኖታ አያትምም።

የሞዛርት የእጅ ጽሑፍ ስለጠፋ ይህ ሁሉ ግምት ነው የሚል ይኖራል። መጥፋቱስ እውነት ነው። ባለቤቱ ኮንስታንዘ በ1800 ለአንድ አሳታሚ ስትጽፍ፣ ስታድለር ኖታ የያዘ ሻንጣዬ ጀርመን አገር ተሰረቀብኝ እንደሚል፣ ሌሎች ግን በመያዣ አስይዞታል እንደሚሉ ነግራዋለች። ነገር ግን በ1802 የላይፕዚግ የሙዚቃ ጋዜጣ የታተመውን ቅጂ ሲገመግም፣ የተለወጡትን ቦታዎች ከቀድሞ መልካቸው ጋር አስተያይቶ አውጥቷል። ገምጋሚው የአሳታሚውን ችግር ይረዳል፤ ቢሆንም ዋናው እንዳለ ታትሞ ማስተካከያው በትናንሽ ኖታ ቢጨመር ይመርጥ ነበር። ቪንተርቱር የሚገኘው የሞዛርት የእጅ ረቂቅም አለ፤ የመጀመሪያውን ክፍል 199 ሜዠር የክላርኔት ዘመድ ለሆነው ባሴት ሆርን ይዟል። ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው ግን የታተመው ኖታ ራሱ ነው። ወደ ታች በእርጋታ የሚወርድ ዜማ ከሚ ጫፍ ሲደርስ ያለ ምክንያት አንድ ኦክታቭ ሽቅብ ይዘላል። እንዲህ ያለ ስብራት የሞዛርት አይደለም።

የተስተካከለውም ቢሆን ውብ ነው ለሚሉ መልሱ ይከብዳል፤ ውብ ነውና። ሆኖም ሞዛርት አንዱን ክላርኔት እንደ ሁለት ሰው ያናግረዋል፤ ከላይ ይጠይቃል፣ ከታች በጎርናና ድምፅ ይመልሳል። መላሹ ወደ ላይ ሲሸሽ ንግግሩ ይደበዝዛል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ፕራግ ውስጥ ሙዚቀኞች፣ በኋላም እንግሊዝ ውስጥ አለን ሃከር፣ ጀርመን ውስጥ ዛቢነ ማየር ይህን መልስ ለመስማት ረጅሙን መሣሪያ አሠርተው ተጫወቱ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ የስታድለርን መልክ የሚያውቅ አልነበረምና። በ1990ዎቹ ግን ስታድለር በ1794 ሪጋ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት ፕሮግራም ከነሥዕሉ ተገኘ፤ ቱቦው ከታች ታጥፎ አምፖል በመሰለ ክብ ደወል ያልቃል። ከዚያ ወዲህ የዘመኑን መሣሪያ አስመስለው የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥዕሉን ፊታቸው አስቀምጠው ቱቦውን እያጠፉ ይሠራሉ።